«ቢፈልግማ ያቆም ነበር» እና ሌሎችም፦ ስለ መጠጥ፣ ጫትና ሌሎች ሱሶች ጥያቄና መልስ

ስለ ሱስ የሚያሳስባችሁን ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ከጠበቅኩት በላይ መጣ። የሳይካትሪ ነርስ ነኝ። አብዛኛውን የሥራ ጊዜዬን ያሳለፍኩት ከሱስ ጋር ከሚታገሉ ሰዎችና ከቤተሰቦቻቸው ጋር ነው። ተመሳሳይ ጥያቄዎችን አንድ ላይ አድርጌአለሁ፤ ማንነት የሚያሳውቅ ነገርም አውጥቻለሁ። የመድኃኒት መጠን የጠየቃችሁኝን ግን እዚህ አልመልስም። ሰውየውን ሳያዩ መጠን መናገር አደጋ ነው። የመጀመሪያውን ጥያቄ ያስቀደምኩት ጊዜ የማይሰጥ ስለሆነ ነው።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ ወንድማችን ከጠዋት ጀምሮ አረቄ ይጠጣል፤ ዓመታት ሆኖታል። ቤተሰቡ ተሰብስቦ ክፍል ውስጥ ቆልፈንበት በአንዴ ልናስተወው ወስነናል። ሦስት አራት ቀን ቢሰቃይ ነው፣ ከዚያ ይለቀዋል ይሉናል። ልክ ነው?

መልስ፦ እባካችሁ ይህን አታድርጉ። ለእሱ አስባችሁ እንደሆነ ይገባኛል። ግን ሊሞትባችሁ ይችላል።

አልኮል አንጎልን ያደነዝዛል። በየቀኑ ሲጠጣ አንጎል ድንዛዜውን ለመቋቋም ራሱን ያነቃቃል። ዓመታት እንዲህ ከኖረ በኋላ መጠጡ በአንዴ ሲቋረጥ ማደንዘዣው ይሄዳል፣ መነቃቃቱ ግን ይቀራል። በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት እጅ ይንቀጠቀጣል፣ ላብ ያጠምቃል፣ ልብ ይመታል፣ ያስመልሳል፣ እንቅልፍ ይጠፋል። ከ6 እስከ 48 ሰዓት ባለው ጊዜ አንዳንዱን እንደሚጥል በሽታ ያንዘፈዝፈዋል። ከ2ኛው እስከ 4ኛው ቀን ደግሞ የባሰው ሊመጣ ይችላል። ሰዓቱና ቦታው ይምታታበታል፣ የሌለ ነገር ያያል፣ ትኩሳት ይነሳበታል፣ የደም ግፊቱ ይወጣል። ይህኛው ካልታከመ ይገድላል። እናንተ «ሦስት አራት ቀን ቢሰቃይ ነው» ያላችሁት አደገኛውን ጊዜ ነው።

ብዙ ሰው ማቆሙ የሚገድለው ሄሮይን ነው ብሎ ያስባል። ሄሮይን ማቆም እጅግ ያሰቃያል፤ ሌላ በሽታ በሌለበት ጎልማሳ ላይ ግን ማቆሙ በራሱ ብዙም አይገድልም። በድንገት ሲቋረጡ ሕይወት የሚያጠፉት አልኮልና እንደ ዳያዜፓም ያሉ ማረጋጊያ መድኃኒቶች ናቸው።

ስለዚህ ወደ ሆስፒታል ውሰዱት። እስኪደርስ ድረስ መጠጡን በአንዴ አትከልክሉት። እዚያ ለተወሰኑ ቀናት እየተቀነሰ የሚሄድ ማረጋጊያ ይሰጠዋል። ታያሚን የሚባለው ቫይታሚን ቢ1ም ይሰጠዋል። እዚህ ላይ አንድ ነገር አደራ ልበላችሁ። ሰካራም ሰው ሲዳከም ሰፈር ክሊኒክ ወስዶ «ግሉኮስ ስኩለት» ማለት የተለመደ ነው። ብዙ ዓመት በጠጣና ምግብ በማይበላ ሰው ላይ ታያሚን ሳይሰጥ ግሉኮስ ብቻ መስጠት አንጎሉን ሊጎዳ ይችላል። ዓይኑ ይንቀዋለላል፣ ሲራመድ ይንገዳገዳል፣ ግራ ይጋባል። ሲብስ የማስታወስ ችሎታው ላይመለስ ይችላል። ስለዚህ ገና ስትገቡ «ዓመታት ይጠጣል፣ እህል አይቀምስም» ብላችሁ ንገሯቸው። እሱ አፍሮ ላይናገር ይችላል።

መንገድ ላይ ቢያንዘፈዝፈው በጎኑ አስተኙት፤ ከጭንቅላቱ ሥር ልብስ አድርጉለት። አፉ ውስጥ ማንኪያም ጣትም አታስገቡ። ክብሪት ማሽተት ምንም አይረዳም።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ መጠጥ ባቆመ በሦስተኛው ቀን ግድግዳው ላይ ትል ይሄዳል እያለ ይጮህ ነበር። ከሌለ ሰው ጋር ያወራል፣ ልብሱን ያራግፋል። ሰይጣን ነው ተብሎ ጠበል ወሰድነው፤ በሳምንቱ ተሻለው። አሁን እንደገና መጠጣት ጀምሯል። ታዲያ ሐኪም ቤት መሄድ ምን ይጨምርለታል?

መልስ፦ እህቴ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ ከከባድ ነገር ነው የተረፈው። የነገርሽኝ ከላይ የጻፍኩት ዓይነት ነው። ትል ማየት፣ ልብስ ማራገፍ፣ ሦስተኛው ቀን፤ ሁሉም ይገጥማል። ከአደጋው ከወጡት ብዙዎቹ በሳምንት ውስጥ ይረጋጋሉ። ያልወጡትን ግን ቀብረናቸዋል።

ጠበል አትውሰጂው አልልሽም። እኔም እጠመቃለሁ። ጠበሉን ከመድኃኒት የሚያጣላ ሰው ካገኘሽ ግን አትስሚው። የኤችአይቪ መድኃኒት በመጣ ጊዜ ይኸው ክርክር ተነስቶ ነበር፤ ፓትርያርክ አቡነ ጳውሎስ ጠበልና መድኃኒት አብረው መሄድ እንደሚችሉ በግልጽ አስተምረዋል። ለመጠጥም እንዲሁ ነው።

በሚቀጥለው ጊዜ ግን አስቀድመሽ ወደ ሆስፒታል ይዘሽው ሂጂ። አንዴ እንዲህ የሆነ ሰው እንደገና ጠጥቶ ሲያቆም ሊብስበት ይችላል። እንደዚያ እየሆነ ሳለም በባዶ ሆዱ አታቆይው። ጾሙ ይቆየው፤ የንስሐ አባታችሁ ይህን የሚከለክሉ አይመስለኝም።

ጥያቄ፦ ሱስ በሽታ ነው የምትሉት ነገር አይዋጥልኝም። ሰው ቢፈልግማ ያቆም ነበር። አጎቴ ሲጋራ በአንድ ቀን ነው የጣለው።

መልስ፦ አጎትህ ጎበዝ ናቸው። እንደሳቸው በአንድ ቀን የሚያቆም አለ፤ አይካድም። ግን ከአንድ ሰው ተነስተህ ለሌላው አትፍረድ።

መፈለጉንማ ይፈልጋል። በመጠጥ ሱስ የተያዘ ሰው ጠዋት ላይ ብትጠይቀው «ከዛሬ ጀምሮ በቃኝ» ይልሃል፤ ከልቡ ነው። ማታ ላይ ግን ደሞዝ ወጥቶ፣ የለመደው ቤት በር ላይ ሙዚቃው ሲሰማ፣ ጓደኞቹ ሲጠሩት፣ አንጎሉ ለዓመታት የተማረውን ያደርጋል። ሀራራ የሚባለው ያኔ ነው የሚነሳው። ሀራራው ሲነሳ ነገን የሚያስበው የአንጎል ክፍል ይሸነፋል። መንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶች ለመጠጥ ሱስ ከመጋለጣችን ግማሽ ያህሉ በዘር የሚወረስ እንደሆነ አሳይተዋል። የቀረው አስተዳደግ፣ ሐዘን፣ ጭንቀት፣ የጀመርንበት ዕድሜና የምንኖርበት ሰፈር ነው።

በሽታ ነው ስንል ደግሞ ኃላፊነት የለበትም ማለታችን አይደለም። ጠጥቶ ሚስቱን የመታ ሰው ይጠየቅበታል። ሕክምናውን የመከታተል ግዴታም የራሱ ነው። እኔ የምቃወመው ስድብን እንደ ሕክምና መቁጠርን ነው። ተሰድቦ የዳነ ሰው አላየሁም። ተሰድቦ መጠጡን መደበቅ የጀመረ ግን ብዙ አይቻለሁ።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ እግዜር ይስጥሽ። የመጨረሻው ልጄ ከሰፈር ልጆች ጋር ገጥሞ መቃምም መጠጣትም ጀመረ። አገር ቤት እናቴ ዘንድ ልላከው አስቤአለሁ። ከዚህ ከራቀ ይተዋል ይሉኛል።

መልስ፦ እማማ፣ ያሰቡት ከንቱ አይደለም። ቦታ መቀየር እንደሚረዳ ማስረጃ አለ። በቬትናም ጦርነት ጊዜ ብዙ የአሜሪካ ወታደሮች እዚያው ሄሮይን ለምደው ነበር። መንግሥታቸው ሱሰኞች ሆነው ይመለሱብናል ብሎ ፈራ። ሊ ሮቢንስ የምትባል ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ተከታትላ ስታጠና፣ ሱስ ይዟቸው ከነበሩት አብዛኞቹ አገራቸው ከገቡ በኋላ ወደ ሱሱ አልተመለሱም። «አንዴ ሱሰኛ የሆነ ሁልጊዜ ሱሰኛ ነው» የሚለውን አባባል ይህ ጥናት ክፉኛ ነቅንቆታል።

ግን አንድ ነገር ልብ ይበሉ። ወታደሮቹ ወደ ቬትናም አልተመለሱም። የእርስዎ ልጅ ግን ተመልሶ እዚያው ሰፈር፣ እዚያው በረንዳ ላይ ነው የሚቀመጠው። ስድስት ወር አያቱ ዘንድ ደህና ሰንብቶ፣ በተመለሰ በሳምንቱ ያገረሸበት ልጅ ቤተሰቡን «ምንም የማይረዳው ነው» ያሰኛል። አልነበረም። ሲመለስ የሚጠብቀው ነገር ስላልተዘጋጀለት ነው። እዚያ ምን ይሠራል? ሲመለስስ ምን ይሠራል? ከእነማን ጋር ይውላል? እነዚህን መልስ ካገኙላቸው ይላኩት። ደግሞ እናትዎ ያሉበት አካባቢ አረቄ የሚወጣበት ወይም ጫት የሚበቅልበት ከሆነ ይቅርብዎ።

ጥያቄ፦ የዩኒቨርሲቲ ተማሪ ነኝ። ጫት ቅጠል ነው፤ ሱስ አይባልም። እኔ ለፈተና ብቻ ነው የምቅመው። ችግሩ ማታ እንቅልፍ እንቢ ስለሚለኝ ለጨብሲ ሁለት ሦስት ቢራ እጠጣለሁ። ይህ ምን ክፋት አለው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ጥያቄህ ውስጥ ራስህ መልሰኸዋል፤ አላየኸውም እንጂ።

ቅጠል መሆኑ ምንም ማለት አይደለም። ትምባሆም ቅጠል ነው። ጫት ውስጥ ካቲኖን የሚባል ነገር አለ፤ አሠራሩ አምፌታሚን ከሚባለው አነቃቂ ዕፅ ጋር ይቀራረባል። ካቲኖን ቅጠሉ ከተቀጠፈ በኋላ ቶሎ ይቀንሳል። ጫት ከአወዳይ በሌሊት እየተጫነ የሚከንፈው፣ ነጋዴውም በኮባ ጠቅልሎ ውሃ የሚረጨው ለዚህ ነው። ሰው የሚገዛው ትኩሱን የሆነው በከንቱ አይደለም።

ሱሱ መኖሩን የምታውቀው ባልቃምክ ቀን ነው። ሰውነት ይዝላል፣ ያዛጋል፣ ትንሽ ነገር ያናድዳል፣ ቀኑ ይጨልማል። ማታ ደግሞ ዱካክ ይመጣል፤ ከገደል መውደቅ፣ መታነቅ፣ ከባድ ነገር ደረት ላይ መጫን። አንዳንዱ ጂኒ ነው ብሎ ይፈራና እንደገና ይቅማል። ጂኒ አይደለም። ሲቃም የኖረ አንጎል ጫቱን ሲያጣ የሚያየው ቅዠት ነው። አብዛኛውን ጊዜ በጥቂት ቀናት ውስጥ ያልፋል። እንደ አልኮሉ ለሕይወት የሚያሰጋ ስላልሆነ ጫትን ቤት ሆነህ ማቆም ትችላለህ። ከፍተኛ ድብርት ከመጣ ወይም ራስህን የመጉዳት ሐሳብ ከተነሳብህ ግን አንድም ቀን ሳታሳድር ሐኪም ዘንድ ሂድ።

አሁን ወደ ጨብሲው እንምጣ፤ ከሁሉ ያሳሰበኝ እሱ ነው። ከሰዓት ትቅማለህ፣ ትመረቅናለህ። ማታ ምርቃናው አልወርድ ብሎ ልብህ ይመታል፣ ሐሳብህ ይሮጣል። ለመስበር ትጠጣለህ። ጠዋት ራስህ ከብዶህ ትነሳለህ። ለመንቃት እንደገና ትቅማለህ። ጫቱ መጠጡን ይጠራል፣ መጠጡ ጫቱን ይጠራል። አንዱን ብቻ ለማቆም የሞከረ ሰው የሚቸገረው ለዚህ ነው። መጠጥ አቁሞ ጫቱን የቀጠለ ሰው ማታ ላይ እንቅልፍ አጥቶ ቢራው ትዝ ይለዋል። ሁለቱንም አብራችሁ ለማቆም አቅዱ የምለው ሰው ለማስጨነቅ አይደለም።

ሁለት ሦስት ቢራው ደግሞ እዚያው አይቆይም። ሰውነት ይለምዳል። ለዓመታት በጨብሲ ቆይቶ በመጨረሻ ጫቱን ትቶ መጠጡ የቀረበት ሰው ብዙ ነው የሚመጣው።

ለፈተናው ደግሞ፦ ጫት ነቅተህ እንድትቀመጥ ያደርግሃል፤ ያነበብከው በአንጎልህ የሚረጋው ግን ስትተኛ ነው። መጀመሪያ ከአሥር ሰዓት እስከ ምሽት ያለውን ጊዜ ሌላ ቦታ አሳልፍ። ላይብረሪ፣ ኳስ፣ ቸርች፣ መስጊድ፣ የትም ይሁን። ሀራራው የሚበረታው በለመድክበት ሰዓት ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ድራፍትና ቢራ ብቻ ነው። አረቄ ነክቼ አላውቅም፣ ሰክሬም አላውቅም። እንግዲህ ሱሰኛ አይደለሁም አይደል?

መልስ፦ በቢራ ብቻ ሱስ ይያዛል። 330 ሚሊ ሊትር የሆነ 5 በመቶ ቢራ ውስጥ 13 ግራም ያህል ንጹሕ አልኮል አለ። 45 በመቶ የሆነ ዳግም አረቄ በ40 ሚሊ ሊትር መለኪያ ብትጠጣ 14 ግራም ያህል ነው። አንድ ጠርሙስና አንድ መለኪያ ተቀራራቢ ናቸው።

አለመስከርህም አያጽናናህ። ድሮ በሦስት የምትሞቅ የነበርክ ዛሬ በስምንት ምንም ካልሆንክ ሰውነትህ ለምዷል ማለት ነው፤ ይህ ራሱ አንዱ ምልክት ነው። ሁለት ብቻ ብለህ ገብተህ ስንት ጊዜ በሁለት ወጣህ? ለሚስትህ ቁጥሩን ትቀንሳለህ? ጠዋት እጅህ ይንቀጠቀጣል? እነዚህን ለራስህ መልስ።

ጥያቄ፦ ጠጥቼ ቡና ጠጣሁ፣ ፊቴን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠብኩ፤ መንዳት እችላለሁ?

መልስ፦ አትችልም። ቡናው ያነቃሃል እንጂ አልኮሉን አያወጣውም። ጉበት በሰዓት የሚያስወግደው በግምት የአንድ መጠጥ ያህል ነው፤ የሚያፋጥነው ነገር የለም። ታክሲ ያዝ።

ጥያቄ፦ ሺሻ በውሃ ስለሚጣራ ከሲጋራ ይሻላል። ሳር ደግሞ ተፈጥሮ ነው፣ ሱስ የለውም። ትስማሚያለሽ?

መልስ፦ በሁለቱም አልስማማም። ውሃው ጭሱን ያቀዘቅዘዋል እንጂ መርዙን አያጠራውም። አንድ ሰዓት ሺሻ ላይ የተቀመጠ ሰው ከአንድ ሲጋራ እጅግ የበዛ ጭስ ነው የሚስበው። ሳር የምትሉትን ካናቢስ ከሞከሩት ውስጥ ከአሥሩ አንድ ያህሉ ሱስ ይይዘዋል፤ በልጅነታቸው የጀመሩት ላይ ይብሳል። ቤተሰቡ ውስጥ የአእምሮ ሕመም ያለበት ወጣት ከሆነ ደግሞ በፍጹም አይንካው። ለዓመታት የሚቆይ ሕመም ሊቀሰቅስ ይችላል።

ጥያቄ፦ ጠላ ጠምቄ ነው ልጆቼን የማሳድገው። ስቀምስ፣ ደንበኛ «በሞቴ» ሲለኝ፣ ቀኑ ሲመሽ እኔም ሰክሬ ነው የማድረው። ሴት ልጅ ሱሰኛ ናት ሲሏት ውርደት ነው። የት ሄጄ ልናገር?

መልስ፦ እህቴ፣ ለእኔ ስለነገርሽኝ አመሰግናለሁ። አንቺ የተዋረድሽበት ነገር የለም። በሥራሽ ምክንያት በየቀኑ መጠጥ ፊትሽ ላይ አለ። በዚህ ላይ ልጆች ታሳድጊያለሽ።

የሴት ሰውነት አልኮልን የሚቀበለው ከወንድ በተለየ ነው። ያንኑ ያህል ጠጥተሽ ደምሽ ውስጥ የሚኖረው መጠን ይበዛል፣ ጉበትሽም ቀድሞ ይጎዳል። ስለዚህ «ከወንዶቹ እኮ ባነሰ ነው የምጠጣው» ብለሽ አትጽናኝ። እርጉዝ ከሆንሽ ደግሞ ደህና ነው የሚባል መጠን የለም።

ከተቻለ ቅምሻውን ለሌላ ሰው ስጪ፤ ካልተቻለ ቀምሰሽ ትፊው። «በሞቴ» ለሚልሽ «ሐኪም ከልክሎኛል» በይ። ውሸት አይሆንብሽም፤ እኔ ከልክዬሻለሁ። ጠዋት ስትነሺ የሚያንቀጠቅጥሽ ከሆነ ግን በአንዴ አታቁሚ፤ የመጀመሪያውን መልስ አንብቢ። ጤና ጣቢያ ስትሄጂ ከነርሷ ጋር ለብቻ መነጋገር እፈልጋለሁ ማለት መብትሽ ነው።

ጥያቄ፦ መጠጥ የሚያስጠላ መድኃኒት አለ ይባላል። ባለቤቴ ሳያውቅ ወጡ ውስጥ ልጨምርለት አስቤአለሁ።

መልስ፦ በፍጹም አይሆንም። የምትይው ዲሱልፊራም ነው፤ በአሜሪካ እ.ኤ.አ. ከ1951 ጀምሮ ተፈቅዶ በሥራ ላይ ያለ መድኃኒት ነው። አልኮል ሰውነት ውስጥ ሲፈጭ መሐል ላይ የሚፈጠረው መርዛም ነገር እንዳይወገድ ያደርጋል። መድኃኒቱን የወሰደ ሰው ሲጠጣ ፊቱ ይቀላል፣ ያስመልሰዋል፣ ልቡ ይመታል፣ የደም ግፊቱ ይወርዳል። ልቡ የታመመ ሰው ሊሞት ይችላል። የመጨረሻውን ኪኒን ከዋጠ በኋላም እስከ ሁለት ሳምንት ሊሠራ ይችላል።

ይህ መድኃኒት የሚረዳው ሰውየው ሲያውቅ ነው። «ብጠጣ ያመኛል» የሚለው እውቀት ነው እጁን የሚይዘው። ሳያውቅ የሰጠሽው ሰው ጠጥቶ ሲወድቅ ምን እንደያዘው አያውቅም። ሐኪሙም አያውቅም። ቆይቶ ሲሰማ ደግሞ ከእጅሽ ምግብ አይበላም። ሀራራ የሚቀንሱ ሌሎች መድኃኒቶችም አሉ፤ ናልትሬክሶን አንዱ ነው። ለየትኛው እንደሚሆን ሐኪሙ ጉበቱን መርምሮ፣ ከእሱ ጋር ተነጋግሮ ይወስናል።

ጥያቄ፦ አባት ነኝ። ልጄ 17 ዓመቱ ነው። ውጭ ከሚማር ቤት ውስጥ ከእኔ ጋር እየቀመሰ ቢለምድ አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። መጠጥ የጀመሩበት ዕድሜ ባነሰ ቁጥር በኋላ ሱስ የመያዝ ዕድሉ ይጨምራል። በአገራችንም አዋጅ ቁጥር 1112/2011 ከ21 ዓመት በታች ላለ ሰው አልኮል መሸጥን ይከለክላል። ይኸው አዋጅ ነው የቢራ ማስታወቂያን ከሬዲዮና ከቴሌቪዥን ያስወጣው። ልጅዎ ከእርስዎ የሚማረው ስለ መጠጥ በሚነግሩት ሳይሆን ተናደው ሲመጡ ምን እንደሚያደርጉ በማየት ነው።

ጥያቄ፦ ወንድሜ ለእመቤታችን ተስሎ ሁለት ዓመት ጠብታ አልቀመሰም ነበር። የአክስታችን ልጅ ሠርግ ላይ «በሞቴ አንድ ብቻ» ብለው አጠጡት። ይኸው ወር ሆነው፣ ሳይጠጣ የዋለበት ቀን የለም። ስለቱን አፍርሻለሁ ብሎ ቤተ ክርስቲያን መሄድም ትቷል። ሁለት ዓመቱ ሁሉ ከንቱ ሆነ ማለት ነው?

መልስ፦ ከንቱ አልሆነም። ሁለት ዓመት ጉበቱ አርፏል፣ አንጎሉ አገግሟል፣ እሱም ሳይጠጡ መኖር እንደሚቻል በራሱ ሕይወት አይቷል። ይህን ማንም አይወስድበትም። ማገርሸት ደግሞ ብርቅ አይደለም። የአሜሪካው ብሔራዊ የአደንዛዥ ዕፅ ተቋም ከታከሙት ከ40 እስከ 60 በመቶው እንደሚያገረሽበት ይገምታል፤ ደም ግፊትና አስም ካለባቸው ሰዎች ጋር የሚቀራረብ ነው። ደም ግፊቱ ተመልሶ ለወጣበት ሰው መድኃኒቱን እናስተካክልለታለን እንጂ «አለቀልህ» አንለውም።

ወንድምሽን የጣለው ያ አንድ ብርጭቆ ብቻ አይመስለኝም። በማግስቱ «እንግዲህ ከፈረሰ ፈረሰ» ብሎ ያሰበው ሐሳብ ነው ወሩን ሙሉ ያስጠጣው። ስለት ለብዙ ሰው ጉልበት ሆኗል፤ አይቻለሁ። የሚያስፈራኝ ስለት የፈረሰ ዕለት መመለሻ መንገድ የለም ብለው ሲያስቡ ነው። የንስሐ አባቱ ዘንድ አብረሽው ሂጂ። ንስሐ ለዚህ አይደል እንዴ የተሰጠን? በወሩ ውስጥ በየቀኑ ከባድ መጠን ከጠጣ፣ ሲያቆም ሐኪም ይየው።

ለዘመዶቻችንም አንድ ቃል አለኝ። «በሞቴ» የምንለው ስለምንወድ ነው። ያቆመን ሰው «በሞቴ» ብሎ ማጠጣት ግን እሱን መጉዳት ነው። ሠርግ ላይ ከሚጠጣው ወገን አታስቀምጡት፤ ለስላሳውን ቀድማችሁ እጁ ላይ አድርጉለት። ከኬኩ በኋላ ልሂድ ካለ አታስቀሩት።

ጥያቄ፦ የምጽፍልሽ ከሜሪላንድ ነው። ታናሽ ወንድሜ ከመንገድ ላይ የሚገዛው የሕመም ማስታገሻ ኪኒን ሱስ ሆኖበታል። ሦስት ወር ሪሀብ (የሱስ ማገገሚያ) ቆይቶ ሰሞኑን ወጥቷል። ሐኪሞቹ ቡፕረኖርፊን የሚባል መድኃኒት ይውሰድ አሉ። እናታችን «አንዱን ሱስ በሌላ መተካት ነው» ብላ እንቢ አለች። የሐበሻው ሰው እንዳይሰማም ትፈራለች።

መልስ፦ አሁን ያላችሁበት ጊዜ ከሁሉ ይበልጥ የሚያሰጋ ነው። ሦስት ወር ሳይወስድ ቆይቶ ሰውነቱ መልመዱን ረስቷል። ድሮ የሚወስደውን ያህል አንድ ቀን ቢወስድ ትንፋሹ ሊቆም ይችላል። በዚያ ላይ በአሜሪካ መንገድ ላይ የሚሸጠው ኪኒን ብዙውን ጊዜ ፌንታኒል የሚባል እጅግ ኃይለኛ ማስታገሻ የተቀላቀለበት ነው፤ በጣም ትንሽ መጠኑ ይገድላል።

ናሎክሶን የሚባለውን፣ እንዲህ የቆመ ትንፋሽ የሚመልስ በአፍንጫ የሚነፋ መድኃኒት ዛሬውኑ ቤት አስገቡ። እ.ኤ.አ. ከ2023 ጀምሮ ያለ ሐኪም ማዘዣ ይሸጣል። ከንፈሩ ጠቁሮ፣ ትንፋሹ ቀርቶ ወይም እያንኮራፋ አልነቃ ካላችሁ፣ አንዱን አፍንጫው ውስጥ ንፉና 911 ደውሉ። የመድኃኒቱ ኃይል ኋላ ሊያልቅ ስለሚችል ነቅቷል ብላችሁ ብቻውን አትተዉት።

ለእናታችሁ ይህን ንገሩልኝ። ሱስ ማለት ሰውየው ሕይወቱን ጥሎ ኪኒኑን ሲያሳድድ ነው። ቡፕረኖርፊን ወይም ሜታዶን በሐኪም ክትትል የሚወስድ ሰው አይሰክርበትም፤ ሀራራው ይረጋና ሥራ ይገባል፣ ልጁን ትምህርት ቤት ያደርሳል። እነዚህ መድኃኒቶች ሞትን እንደሚቀንሱ በብዙ አገር ተረጋግጧል። መድኃኒቱን በችኮላ ማቋረጥ ነው የሚያሰጋው።

አስተርጓሚን በተመለከተ፣ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል በነፃ የማቅረብ ግዴታ አለበት። የምታውቁት ሰው እንዳይመጣ ከሰጋችሁ በስልክ የሚያስተረጉም ሌላ ስቴት ያለ ሰው ጠይቁ። ራሱን የመጉዳት ሐሳብ ካለበት 988 በማንኛውም ሰዓት ይደወላል።

ጥያቄ፦ ትራማዶል ፋርማሲ የሚሸጥ መድኃኒት ነው፤ እንዴት ሱስ ያስይዛል?

መልስ፦ ሕመም ማስታገሻ ቢሆንም ከሞርፊን ወገን ነው። ያስለምዳል፤ በብዛት ሲወሰድም ያንዘፈዝፋል። ሐኪም ያዘዘልህን በታዘዘልህ ጊዜ ውሰድ፤ ለሌላ ሰው አታካፍል።

ጥያቄ፦ ባለቤቴ «እኔ አልታመምኩም» ይላል። ሰዎች ደግሞ ሁሉን አጥቶ መሬት ካልነካ አይነቃም፣ ተዪው ይሉኛል። መጠበቅ ነው ያለብኝ?

መልስ፦ አትጠብቂ። ሥራውን፣ ትዳሩንና ጉበቱን ካጣ በኋላ የሚመጣ ሰው የሚመለስበት ነገር የለውም። ሥራና ቤተሰብ እያለው የመጣ ሰው የመዳን ዕድሉ የተሻለ ነው። ለሐኪም ሲቀርብ መቶ በመቶ ማመንም አይጠበቅበትም። ሚስት ጎትታው፣ አለቃ አስገድዶት መጥቶ የተለወጠ ብዙ ሰው አለ።

ሰክሮ ሲገባ አታናግሪው። ጠዋት፣ ረጋ ባለበት ሰዓት፣ ልጆች በሌሉበት ይሁን። «ሰካራም» አትበዪው፤ ያየሽውን ንገሪው። «ማክሰኞ ልጁን ከትምህርት ቤት ሳታመጣው ቀረህ፤ እስከ 12 ሰዓት በር ላይ ቆሞ ነበር።» ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠይቂው፤ «አንዴ አብረን ሄደን እንመርመር።» ዕለቱንና ሰዓቱን አስቀድመሽ ያዢ። እሺ ባለ ቀን ነገ አትበይ፤ ነገ ላይ ሐሳቡን ይቀይራል። የመጠጥ ቤት ዕዳውን አትክፈይ፤ ለአለቃውም አሞታል ብለሽ አትደውዪ። ከመታሽ ግን ይህ ሁሉ ምክር ይቅር፤ መጀመሪያ ልጆችሽን ይዘሽ ደህና ቦታ ሂጂ።

የት እንሂድ ላላችሁ ሁሉ፦ አዲስ አበባ ያላችሁ አማኑኤል የአእምሮ ስፔሻላይዝድ ሆስፒታል የሱስ ሕክምና አለው። ክልል ያላችሁ በቅርባችሁ ያለ ሪፈራል ሆስፒታል የሳይካትሪ ክፍል እንዳለው ጠይቁ። አማኑኤል ሲባል «እብድ ነኝ እንዴ?» ብሎ የሚያኮርፍ ካለ ከውስጥ ደዌ ሐኪም ጀምሩ። ለጨጓራው፣ ለጉበቱ፣ ለእንቅልፉ ብላችሁ ውሰዱት፤ ያም ሐኪም ወደሚመለከተው ይልከዋል። ስትሄዱ የሚወስዳቸውን መድኃኒቶች በሙሉ በፌስታል ይዛችሁ ሂዱ። የመጨረሻውን መጠጥ የጠጣበትን ሰዓትም ጽፋችሁ ያዙ።